ባዶ ፍላሽ

አዲሱ የከለር ፊልም ከውጭ ሲላክልኝ አብሮት የመጣው ወረቀት «የሰው ፊት ያሳምራል» ይላል። እኔ ግን ሰው ለማንሣት አላሰብሁም። ያሰብሁት ጣናን ነው፤ በጥር ወር ሐይቁ ዳር ባለ ሆቴል ግድግዳ ላይ የሚሰቀሉ ሠላሳ ስድስት ፎቶዎች፣ ከሥራቸው በትንሽ ፊደል «ኪሩቤል» የሚል ስሜ። በስልክ ማንሣት የሰነፍ ሥራ ነው፣ ፊልም ነፍስ አለው እያልሁ ጓደኛዬን ሀኒን ስንት ቀን እንዳሰለቸኋት እሷ ትናገር።

ችግሩ፣ ፊልም ካሜራ ውስጥ እንዴት እንደሚገባ አላውቅም ነበር።

ባሕር ዳር ውስጥ ይህን የሚያውቁ፣ የከለር ፊልምም በቤታቸው የሚያጥቡ አንድ ሰው ብቻ ቀርተዋል፤ ጋሼ አንዳርጋቸው። ስቱዲዮአቸው ዛሬ የስልክ ሽፋን ይሸጥበታል። ቤታቸው ስሄድ ፊልሙን ተቀብለው እንደ ሎሚ አሸተቱት።

«ነፍስ አለው ጋሼ» አልኋቸው።

«ነፍስ ካለው ምን ያሳጥበዋል? የሚታጠብ የሞተ ነው።»

ካሜራውን ጭናቸው ላይ አድርገው ፊልሙን አጎረሱት። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ጣታቸው ግን አልሳተም። «ጫፏን እንኳ አላባከንሁብህም» አሉ። «በእኛ ጊዜ ፊልም በጥፍር ነበር የሚቆጠብ።» ከዚያ ወደ ጓዳው በር ዞር አሉ። ባለቤታቸው እትዬ ፅጌ ማርያም እዚያ ተኝተዋል፤ ጉበታቸውን ካመማቸው ዓመት አልፏል።

«አጥብልሃለሁ። አንዲት ብቻ ለፅጌ ተውልኝ። ከተማውን ሙሉ ሳነሣ ኖሬ እሷን ወንበር ላይ ያስቀመጥሁበት ቀን የለም። ነገ፣ ነገ እያልሁ።»

«በስልኬ አሁኑኑ ላንሣልዎት?»

«የስልክ ሰው ስልኩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። እኔ በእጄ አጥቤ የማወጣትን ነው የምፈልግ።»

ቃል ገባሁ። ሻይ ቀረበ፣ ጨዋታም መጣ። ሠርግ ላይ ፊልም ሲያልቅ ምን ያደርጉ እንደነበር ጠየቅኋቸው።

«ባዶ ፍላሽ ነዋ። ሙሽሮቹን ጨርሰሃል። አንድ የመራዊ ገበሬ ሚስቱን አቅፎ ‹እኛንም አንሣን› ብሎ ይቆማል። ፍላሹን ታበራለታለህ። ካሜራው ባዶ ነው። ደስ ብሎት ይሄዳል።»

«በወሩ ፎቶውን ሊወስድ ሲመጣስ?»

«‹ተቃጠለ› ትለዋለህ።» እስኪያስላቸው ሳቁ።

ከጓዳ የእትዬ ፅጌ ድምፅ መጣ፤ «አንተ ሰውዬ፣ እሱን ለንስሐ አባትህ አትነግርም?»

ሁለት ሳምንት ሙሉ አነሣሁ። ጀምበር በዚያ ፊልም ላይ አሥራ አንድ ጊዜ ጠልቃለች። በታንኳ ላይ የቆመ አሣ አጥማጅ አለ፤ ቆሞ እንደማያውቅ፣ ለእኔ ብሎ ቆሞ ሊገለበጥ እንደነበር ፎቶው አይናገርም። ከሀኒ ጋር በጀልባ ቁንዝላ ስንደርስ የካሜራው ቁጥር ሠላሳ አምስት ላይ ነበር።

«የቀረችው አንዷ የእትዬ ፅጌ ናት» አለች ሀኒ።

«አውቃለሁ።»

ጀልባው መቆሚያ ላይ አንድ ፔሊካን የተጣለ የአሣ አንጀት ይውጥ ነበር። አንገቱን ወደ ላይ ቀሰረ፤ ከረጢቱ በፀሐይ ሮዝ ሆነ። ተጫንሁት።

«የእትዬ ፅጌን ፔሊካን በላት» አልሁ።

ሀኒ ሳቀች፤ መሳቋ ቆይቶ አስጠላት። «ምን ልትላቸው ነው?»

«ተቃጠለ።»

በማግስቱ ሁለታችንም ቤታቸው ሄድን። እትዬ ፅጌ ተነሥተዋል። ጎረቤት ሹሩባ ሠርታላቸዋለች፤ አረንጓዴ ጥለት ያለው ቀሚሳቸው ሰፍቷቸው በጀርባቸው በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። ጋሼ ወንበሩን ግቢው ውስጥ ሦስት ቦታ አስቀምጠው ሦስቴ አነሡት፤ ብርሃን ፍለጋ ነው። ከንፈራቸውን ቅቤ ቀቡላቸው። «አገጭሽን ዝቅ። እንዲያ። አሁን እንደ ጥንቱ እዪኝ።» ግማሽ ሰዓት ፈጀ። ከዚያ እጃቸውን ተመልክተው፣ «አንተው ተጫንልኝ» አሉኝ።

ካሜራውን አነሣሁ። ቁጥሩ ሠላሳ ስድስት ላይ ነው፤ የፊልሙ ሣጥንም ሠላሳ ስድስት ይላል። አለቀ ማለት ነው። ለወጉ ፊልሙን የምታሳልፈውን መዘውር ሳብኋት፤ እሺ ብላ ተሳበች።

«ቆይ ልጄ፣ ፀሐዩ ዓይኔን…» አሉ እትዬ ፅጌ።

ተጫንሁት።

«አይደገምም?»

«አይ፣ አምሮብዎታል።»

ሀኒ ወደ አጥሩ ዞራ ነበር። እኔ ካሜራውን ለጋሼ ሳስረክብ፣ ነገሩን ከወዲሁ ላደላድል ብዬ፣ «የመጨረሻዋ እንኳ ተቃጥላ እንዳትሆን እፈራለሁ» አልኋቸው።

ፊልሙን መልሰው ይጠቀልሉ የነበሩት ጣቶቻቸው ቆሙ። ቁጥሩን አዩ፣ እኔን አዩ።

«ተቃጥላ» አሉ።

«ብርሃን ገብቶ ከሆነ ብዬ ነው።»

«ይሆናል። ቅዳሜ ና።»

ቅዳሜ ሳይደርስ፣ ሐሙስ፣ እትዬ ፅጌ ዐረፉ።

ለቅሶ የሄድነው ዓርብ ከቀብር በኋላ ነው። ድንኳኑ መሐል በትልቁ የታተመ ፎቶ ቆሟል። ሹሩባው አለ፣ አረንጓዴው ጥለት አለ፣ ከንፈሩ ላይ ያለው ቅቤ እንኳ ያበራል። ወረቀቱ አልዋሸም፤ ፊልሙ ፊት ያሳምራል። እትዬ ፅጌ ግን ዓይናቸውን ጨፍነዋል።

ከኋላዬ አንዲት ሴት፣ «ከተገነዙ በኋላ ነው እንዴ ያነሷቸው?» አለች።

«ወንበር ላይ አስቀምጠው?» አለች ሌላዋ።

ጋሼ በእጃቸው ጠሩኝ። አጠገባቸው ተቀመጥሁ።

«ቆጥቤ ነው ያጎረስሁት» አሉ፣ ዝግ ብለው። «አንዲት ትርፍ ነበረችው። ሠላሳ ሰባተኛ።»

«አላወቅሁም ጋሼ።»

«አለማወቅህንማ አየሁት። እውነተኛ ፎቶ መሆኗን ብታውቅ ፅጌ ዓይኗን እስክትገልጥ ትጠብቃት ነበር።»

ዓይኔን ወደ ፎቶው መለስሁ።

«የዚያን የመራዊ ሰው መልክ ላስታውስ ስታገል ሰነበትሁ» አሉ። «አልመጣ አለኝ።» ከዚያ ከጋቢያቸው ሥር ፖስታ አወጡ። «ያንተም ወጥቷል። እንዲህ ያለ ቀለም በዕድሜዬ አላየሁም።»

ለቅሶ ቤት መሆኔን ረስቼ ፈገግ አልሁ። ይቅር ያሉኝ መሰለኝ፤ ሆቴሉም፣ ግድግዳውም፣ ትንሹ ፊደልም ታየኝ። ፖስታውን ከድንኳኑ ውጭ ከፈትሁት። የታጠበ ፊልም ስድስት ስድስት ፎቶ እየሆነ ነው የሚቆረጥ። ከዚህ ፖስታ የወጣው ግን እንደ ጥራጥሬ እጄ ላይ ፈሰሰ። እያንዳንዱ ፎቶ ከመሐሉ ለሁለት ተከፍሏል። አሣ አጥማጁ ከታንኳው ተለይቷል። ጀምበሮቹ አሥራ አንዱም ለሁለት ተሰንጥቀዋል። የፔሊካኑ ራስ ከአንገቱ ላይ የለም። አቆራረጡ ቀጥ ያለ ነው፤ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው የቆረጠው አይመስልም።

ተመልሼ ገባሁ። «ጋሼ፣ ምንድን ነው ይሄ?»

«ሠላሳ ስድስት አምጥተህ ነበር። ሰባ ሁለት አድርጌ መለስሁልህ።»

«እኮ ለሆቴሉ ሰዎች ምን ልበላቸው?»

«ተቃጠለ በላቸው» አሉና፣ በበሩ የሚገቡትን ለቀስተኞች ለመቀበል ከወንበራቸው ተነሡ።