ወደ ግራ የከረረ ፈትል

ገመድ በሚሠራበት ቤት ውስጥ አራቱም የቤቱ ሰዎች ወደ ቀኝ ያከርራሉ። አያትም አባትም ወደ ቀኝ ሲያከርሩ ኖረው አልፈዋል። በሁለት ዓመቷ ከጎርፍ አውጥተው ያሳደጓት ልጅ ብቻ እጇ ወደ ግራ ይሄድባታል። ስሟም ቀርቶ ግራኟ ተብላ ቀረች። ይኸው አሥራ ሰባት ሞላት፤ እሷ ያከረረችውን አጎቷ ዓይኗ እያየ ፈትቶ እንደገና ያከርረዋል። "ደም ነው፣ ምን ታደርጊዋለሽ" ይላል፣ ቀልድ መሆኑ ነው። እሷም አብራ ትስቅና ብቻዋን ስትሆን ታለቅሳለች።

ከኋላው ክፍል ወለል ሥር ጉድጓድ አለ፤ ጉድጓዱ ውስጥ ታችኛው የሚሉት ፍጡር ታስሯል። ምን እንደሚመስል አይታወቅም፤ ያየው ተመልሶ አላወራም። ያሰሩበት ገመድ ክንድ ያክላል፤ በየዓመቱ አዲስ ፈትል ይጨመርበታል፤ የሚጨምረውም የቤቱ ልጅ ብቻ ነው። ባዕድ ከነካው ይፈታል ይባላል። ስለዚህ ግራኟ ያን ክፍል ረግጣው አታውቅም።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ገመዱ ሲጢጥ ማለት ጀመረ። አጎቷ ገብቶ አይቶ ሲወጣ ፊቱ አመድ መስሏል።

"ታችኛው ራሱን ወደ ግራ እያዞረ ነው" አለ። "የአባቶቻችንን ሥራ እየፈታው ነው።"

"ደግመን እናክርራ" አለች ያሳደገቻት እናቷ።

"ወደ ቀኝ ያከረርነውን ሁሉ ይፈታዋል። ገብቶታል።"

እናትየው ዞራ ልጅቷን አየቻት። ልጅቷ ምን እንደታሰበ ሲገባት ወደ ኋላ አፈገፈገች።

"እኔ እኮ የቤቱ ልጅ አይደለሁም። ብነካው ቢፈታስ፣ እማዬ?"

"እኔ እንጃ ልጄ" አለች እናቷ። መዋሸት አትችልበትም።

ልጅቷ ቃጫ ይዛ ገባች። ከታች የሚመጣው ትንፋሽ ይሞቃል። ገመዱ ግማሽ በግማሽ ተበትኗል። ቃጫዋን አስገብታ ዕድሜ ልኳን በተወቀሰችበት እጅ ወደ ግራ ታከርር ጀመር። ታችኛው ዞረ፤ የእሷ ፈትል ጠበቀ። ደግሞ ዞረ፤ ይብስ ጠበቀ። ከዚያ ዝም አለ።

አጎቷ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። "ልጃችን ነሽ" አላት። ይህን ቃል ስትጠብቅ ነው ያደገችው፤ ደስታው አስለቀሳት።

ዕንባዋን ሳትጠርግ ገመዱ ቀስ ብሎ መዞር ጀመረ፤ አሁን ወደ ቀኝ። የእሷ ፈትል ሲላላ ሁለቱም አዩ። አጎቷ አጠገቧ ቁጢጥ ብሎ የራሱን ቃጫ ያዘ።

"እንግዲህ በፈታ ቁጥር ማክረር ነው፤ እኛ ወደ ቀኝ፣ አንቺ ወደ ግራ። ቀንም ሌሊትም። እኛ ቀኞቹ አራት ነን፤ እንቀያየራለን።"

"እኔንስ ማን ይቀይረኛል፣ ጋሼ?"

አጎቷ አቀርቅሮ ማክረር ጀመረ። ትንሽ ቆይቶ እናቷ የልጅቷን ፍራሽ እየጎተተች ገባች።