በጌታነህ ስም ከደሎ መና

ሸዋዓለም ሥራዋን ታውቃለች። ይህን የምትናገረው ራሷ ናት፤ ግን እውነቷን ነው። ሮቤ ባለው የጫካ ቡና ዩኒየን ኔትወርክ ሲጠፋም፣ ፕሪንተር ወረቀት ሲነክስም፣ ሥራ አስኪያጁ አቶ ጌታነህ የይለፍ ቃላቸውን ሲረሱም የምትጠራው እሷ ናት። አቶ ጌታነህ ደግሞ ሲረሱ ከልባቸው ነው።

የዚያን ዕለት ጠዋት ኮቷን እንኳ ሳታወልቅ ስልኳ ጮኸ። የደወሉት የሃረና ቡና ለቃሚዎች ማኅበር ሊቀመንበር ዲንቄ ነበሩ።

«ሸዌ፣ አካም ቡልቴ? ካርታዎቹ ደረሱ?»

«የትኞቹ ካርታዎች፣ አዴ ዲንቄ? ምንም የደረሰ ነገር የለም።»

«እንዴት አልደረሰም! ከትናንት ጀምሮ ደሎ መና ዙቤዳ ሱቅ ተሰልፈን እየላክን አይደል እንዴ?»

ሸዋዓለም ኮቷን ረስታ ተቀመጠች። ነገሩ ቀልድ አልነበረም። የውጭው ገዢ ዘንድሮ ቡናው ከየትኛው የጫካ ክፍል እንደሚለቀም በካርታ ካላየ አልገዛም ብሏል፤ ምዝገባውም የሚዘጋው በዚያው ቀን ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። የዲንቄ ሰዎች ስልክ ይዘው፣ ጭቃውን እየረገጡ፣ እያንዳንዱ ቤተሰብ የሚለቅምበትን ቦታ ዞረው ምልክት አድርገዋል። ያ ሁሉ ልፋት በሰዓቱ ካልገባ የሃረና ቡና ዘንድሮ ከምዝገባው ውጭ ይሆናል፤ ለቃሚውም የመንገድ ዳር ነጋዴ በፈረደለት ዋጋ ሸጦ ይገባል።

የተያዙ ኢሜይሎችን የምታይበትን ገጽ ከፈተች። ክቧ ትሽከረከራለች፣ ትሽከረከራለች፣ አትደክምም። የሮቤ ኔትወርክ ሥዕልና ቀለም የሞላበትን ገጽ መሸከም አይወድም። ስለዚህ ሸዋዓለም ሁልጊዜ የምታደርገውን አደረገች፤ ጥቁሩን መስኮት ከፍታ ትእዛዟን በጽሑፍ ሰጠች። አንድ መስመር ጽሑፍ ግን በደካማ ኔትወርክም ይሾልካል። ወዲያው በማቆያ ውስጥ ያሉት መልእክቶች ተደርድረው ወጡ። ከአንድ ሁለቱ በቀር ሁሉም ከዙቤዳ አድራሻ የመጡ ናቸው። በሁሉም ላይ ግን የላኪው ስም «አቶ ጌታነህ በየነ፣ ሮቤ» ይላል።

ሸዋዓለም ብቻዋን ሳቀች። ደሎ መና ያሉት ዙቤዳ ኢሜይል ከመላካቸው በፊት የሰውን ዕቃ እየተረከቡ በአውቶቡስ የሚልኩ ነበሩ። በአውቶቡስ በሚሄድ ዕቃ ላይ ደግሞ የሚጻፈው የላኪው ስም አይደለም፤ ሮቤ ሲደርስ ረዳቱ ጮክ ብሎ የሚጠራው የተቀባዩ ስም ነው። ዙቤዳም ስልኩ «ስም» ብሎ ሲጠይቃቸው እንደ ልማዳቸው የተቀባዩን ስም ጻፉበት። የዩኒየኑ ኢሜይል ግን ይህን ልማድ ከየት ይወቀው? አብሮት የመጣ፣ ማንም ሳይነካው ለሁሉም የሚሠራ ነባሪ ደንብ አለው፤ ከውጭ የመጣ መልእክት የሥራ አስኪያጁን ስም ለብሶ ከተገኘ አጭበርባሪ ነው ብሎ ይይዘዋል።

አቶ ጌታነህ ወሬውን ሰምተው እየተጣደፉ ገቡ።

«አጥፊው! ይሄን ደንብ የሚሉትን ነገር አሁኑኑ አጥፊው! ባለፈው እኔ ራሴ ከግል ስልኬ ብልክ አጭበርባሪ ነህ አለኝ። እኔን! በገዛ ስሜ!»

«አስታውሳለሁ» አለች ሸዋዓለም፤ ያን ቀን መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ሲስቅ ነው የዋለው። «አሁን ባጠፋው ካርታዎቹ ይገባሉ። ይሄም ይገባል።» በማቆያው ውስጥ ከዙቤዳ ካልሆኑት አንዱን ነካችና አነበበችላቸው። በእሳቸው ስም፣ ከማይታወቅ አድራሻ፣ ለመጋዘን ጠባቂው ለፊሊጶስ የተጻፈ ነው፦ ነገ ለሚመጣው መኪና መጋዘኑን ክፈትለት፣ እኔ ስብሰባ ላይ ስለሆንኩ አትደውልልኝ።

አቶ ጌታነህ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ፊሊጶስ የታዘዘውን ያለ ጥያቄ የሚፈጽም ሰው መሆኑን ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም።

«ታዲያ ዲንቄን ምን ልንላቸው ነው?»

«ካርታው ይገባል፤ አጥሩም አይፈርስም። ብቻ አያጣድፉኝ፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።»

በመጀመሪያ ዙቤዳ ጋ ደወለች። አድራሻው በእርግጥም በእሳቸው እጅ መሆኑን ከራሳቸው አፍ መስማት ነበረባት። ዙቤዳ የሱቁን ጫጫታ ጸጥ አሰኝተው መለሱላት።

«ወላሂ እኔው ነኝ የምልከው፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ! ስልኩን ከእጄ አላወጣሁም።»

«ስሙን ወደ ራስዎ ስም ቢቀይሩልኝስ?»

«ውይ፣ እሱን ያስተካከለችልኝ ልጄ ዙሀይራ ናት፤ እሷ ደግሞ ጎባ ትምህርት ላይ ናት። እኔ ከነካሁት ሁሉም ነው የሚጠፋው። ደግሞስ የተቀባዩ ስም ያልተጻፈበት ዕቃ ሳነቴ ተራራ ላይ ወድቆ ነው የሚቀረው!»

ሸዋዓለም አልተከራከረችም። ሱቁ ሙሉ ሰው ቆሞባቸው ዙቤዳን ስለ ኢሜይል ማስተማር የዚያን ቀን ሥራ አይደለም። ከነባሪው ደንብ በላይ የሚቀመጥ፣ ከእሱ ቀድሞ የሚታይ አንድ ጠባብ ደንብ መጻፍ ጀመረች። የዙቤዳ አድራሻ ይለፍ፤ ያውም አድራሻው እውነተኛ መሆኑ ሲረጋገጥ ብቻ። የቫይረስ ፍተሻው እንዳለ ይቆይ። በሳምንቱ ፈቃዱ በራሱ ጊዜ ይዘጋ። ከመፈጸሟ በፊትም «ብፈጽመው ምን ይሆናል?» ብላ ጥቁሩን መስኮት ጠየቀችው፤ ይህን የመሰለ ጥያቄ የሚቀበል ማሽን በመኖሩ ሁልጊዜ ደስ ይላታል። መልሱን ስታየው ከንፈሯን ነከሰች። የዙቤዳ መልእክት ፊሊጶስን ጨምሮ ለሠራተኛው ሁሉ ሊደርስ ነው። ለካርታ መቀበያው ሳጥን ብቻ የሚለውን ቃል ረስታለች። ጨመረችና እንደገና ጠየቀች። አሁን ልክ ነው። ምክንያቱንና የፈቀደውን ሰው በሚጠይቀው ቦታ ላይ የራሷን ስም ጻፈችና መፈጸሚያውን ቁልፍ መታች።

«አለቀ?» አሉ አቶ ጌታነህ። ነጎድጓድ ነገር ሳይጠብቁ አልቀሩም።

«አለቀ።»

በማቆያ የነበሩትን ለቀቀች፤ አዲሶቹም ተከታትለው በራሳቸው ይገቡ ጀመር። አቶ ጌታነህ ሳይጠሩ ከጎኗ ተቀምጠው የገባውን ካርታ ለገዢው ሲመዘግቡ ዋሉ። ምሳቸውን እንኳ አላሰቡም፤ ይህ በሮቤ ታሪክ ሊጻፍ የሚገባው ነው።

አሥር ሰዓት ካለፈ በኋላ የጎደለው አንድ ብቻ ነበር። የራሳቸው የዲንቄ። ሸዋዓለም ማቆያውን አየችው፤ እዚያ ነው። ሌሎቹን አስቀድመው ሲያስልኩ ውለው፣ ተራ ሲያጡ ማሜ በሚባል የአይሱዙ ሹፌር ስልክ አስልከዋል። ስሙንም እንደ ዙቤዳ አስጽፈውታል፦ አቶ ጌታነህ በየነ፣ ሮቤ። አሁን ልማዱ ተላላፊ ሆኗል።

«ለማሜም ክፈችለት!» አሉ አቶ ጌታነህ። «አሥራ አንድ ሊሆን ነው!»

ዲንቄ የሰውን ሁሉ አስቀድመው የራሳቸውን ኋላ ያስቀሩ ናቸው፤ ደንቡን ያጠበበችው ደግሞ ሸዋዓለም ራሷ ናት። ግን ማሜን አታውቀውም፤ ስልኩ ነገ በማን እጅ እንደሚገባም አታውቅም። ፋይሉ ቫይረስ እንደሌለበት አረጋገጠች፣ ከማቆያው ሳታወጣ ካርታውን ብቻ ለብቻ ከፍታ አየችው። ከዚያ ደወለች።

«አዴ ዲንቄ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የእርስዎን ቦታ ዙሪያውን እንዴት እንደሄዱ ይንገሩኝ። ከየት ጀመሩ?»

«ከወንዙ ነዋ።»

በካርታው ላይ መስመሩ ከወንዙ ይነሳል። «እሺ፣ ከዚያስ?»

«ሽቅብ ወጣሁ። የአባቴ ቀፎዎች የተሰቀሉበት ትልቅ ዛፍ አለ፣ እሱን በውጭ በኩል ዞርኩት። ከዚያ ወደታች ልወርድ ስል ረግረጉ አላስኬድ አለኝ፤ ወደ ውስጥ ገባ ብዬ፣ ተመልሼ ወጣሁ። እግሬን እስከ ጉልበቴ ነው የዋጠኝ!»

የሸዋዓለም ጣት መስመሩን ተከትላ ወጣች፣ ዞረች፣ ወረደች፤ ከታች በኩል መስመሩ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ተመልሶ ወጥቷል። ረግረጉ ይኸውላችሁ። አቶ ጌታነህም አንገታቸውን አስግገው አዩት።

ያችን አንዲት መልእክት ብቻ ለቀቀቻት። ለማሜ በር አልተከፈተም። ካርታው ገባ፣ አቶ ጌታነህ መዘገቡት፣ ከገዢውም ተቀብለናል የሚል መልስ መጣ። ሸዋዓለም ስልኩን ወደ ጆሮዋ መለሰች።

«ገብቷል፣ አዴ ዲንቄ። ሁሉም ገብቷል።»



«ሸዌ» አሉ ዲንቄ። «ወረቀት አምጪ የሚለኝ እንጂ፣ ጫካሽን ንገሪኝ ብሎ የጠየቀኝ ሰው እስከ ዛሬ የለም። በይ ሰዎቼን ልጥራ፤ ነገ ለቀማ እንወጣለን።»