ቁጥር ሦስት ጎላ

የእድራችንን የመጋዘን ቁልፍ አስራ ዘጠኝ ዓመት አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ዞሬያለሁ። ደመወዝ የለውም፤ ያለው ስም ነው። የዓለምወርቅ ከያዘችው መጋዘን አንድ ሹካ አይጎድልም ይባል ነበር። ይባል ነበር ነው የምላችሁ፣ ምክንያቱም ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ጎላ ጎድሏል። ሹካ ቢሆን ወድቆ ነው ይባላል። ሃምሳ ሰው የሚያበላ ድስት ግን ከየትኛው ኪስ ሾልኮ ይወድቃል?

የት እንዳለ ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም፤ የሰጠሁት እኔ ነኛ። ጳውሎስ፣ ከሆስፒታሉ ጀርባ፣ ኢየሩ የምትባል ሴት ቤት ነው ያለው። ኢየሩ የጸሎት ቤት ሰው ናት፤ እኔ ደግሞ ኪዳን የማላስታጉል ነኝ። በዝማሬ አንገናኝም፤ በድስት ግን ተገናኘን። ከክፍለ ሀገር በሽተኛ ይዘው የሚመጡ አስታማሚዎችን ግቢዋ ውስጥ ታሳድራለች። በሽተኛው የሞተ እንደሆነ አስታማሚው በዚህ ከተማ ዘመድ የለው፣ እድር የለው፣ የሚያለቅስለት ሰው የለው። እሷ ናት የሚቀመስ ነገር ሠርታ አብራው የምትቀመጠው። አንድ ቀን መጥታ ጎላ አውሺኝ አለችኝ። ደንባችን አባል ላልሆነ ሰው ማንኪያ እንኳ አይወጣም ይላል። ለሦስት ቀን ብዬ ቁጥር ሦስትን ሰጠኋት። በሦስተኛው ቀን ልወስድ ስሄድ ሌላ ሰው ሞቶባቸው ጎላው ምድጃ ላይ ተጥዷል። ምን ልበል? ባዶ እጄን ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ይኸው ሁለት ዓመት።

የእድሩ ዳኛ ጋሼ ጉልላት ናቸው፤ በጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዲሬክተር። ደንብ ከማንበባቸው በፊት መነጽራቸውን ሁለቴ ነው የሚጠርጉት። በስብሰባ ላይ ተነሥተው፣ እስከሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ድረስ ቁጥር ሦስት ካልተገኘ ቁልፉ ለግዛቸው ይሰጣል አሉ። ግዛቸው የአጎታቸው ልጅ ነው። የራሱን ቤት ቁልፍ በወር ሁለቴ የሚጥል ሰው! ቁልፉ ከእኔ ከወጣ እኔ ሌባ ነኝ፣ ያውም በስተርጅና። ከዚያ ደግሞ ፈልገው ፈልገው ኢየሩ ቤት መድረሳቸው አይቀርም፤ ጎላውንም ከምድጃ ላይ ያወርዱባታል። ይሄ ነበር እንቅልፍ የነሳኝ።

ሄርሜላን ያመጧትም እሳቸው ናቸው። ገና ሠላሳ ያልሞላት መሐንዲስ ናት፤ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ድርጅት ከፍታለች። ዕቃ ላይ የሚለጠፍ፣ ዕቃው የት እንዳለ በስልክ የሚናገር መሣሪያ ነው የሚሠሩት። እኛ የመጀመሪያ ደንበኛቸው ነበርን። ሠርተን አምጥተን አንሸጥላችሁም፣ ከእናንተ ጋር አብረን ነው የምንሠራው አለችን። እኔም ልብስ ሰፊው መርፌውን አቀብሎኝ ራስሽ ስፊው ሊለኝ ነው እንዴ አልኳት። ሳቀች። ስትስቅ ታምራለች፤ ያኔ አናደደችኝ እንጂ።

የመጀመሪያውን መሣሪያ ጎላው ሆድ ላይ ለጠፉት። በጣድነው ዕለት ቀልጦ ወጡ ውስጥ ጠብ ጠብ አለ። ልጄ፣ ድስት ለምን የሚሠራ መስሎሽ ነው ብዬ ጠየቅኋት። ሁለተኛውን፣ አብሯቸው የሚሠራው ብየዳ ቤት ያለው ኢታና፣ በብረት ሣጥን ውስጥ አሽጎ ጎላው ላይ በየደው። እሳቱን ቻለ፤ ግን ብረቱ አፈነውና ትንፍሽ ሳይል ቀረ። በሦስተኛው ትዕግሥቴ አለቀ። ሴቶቹ ጎላውን ሲያወርዱ የሚይዙበትን ቦታ በጣቴ አሳየኋቸው፤ እዚያ ነበልባል አይደርስም። ኢታና እጀታውን አንድ ስንዝር አስረዘመው፣ ሄርሜላ መሣሪያውን ጫፉ ላይ አሰረችው፣ እኔ በቆዳ ጠቀለልኩት። ሠራ። ልጅቷ አቀፈችኝ። እውነቱን ለመናገር እዚያ የገባሁት ነገሩን ላበላሽባቸው ነበር፤ ሳላውቀው ሠርቼላቸው አረፍኩት።

መልእክቱም እንደዚሁ። መጀመሪያ የመጣልኝ ቁጥር ብቻ ነበር፣ ረጅም ቁጥር። የሰው ስልክ መስሎኝ ደወልኩበት። ለካ ጎላው ያለበት የካርታ ቦታ ኖሯል። ለእኛ የማን ቤት እንደሆነ ንገሩን አልኩ። ልጆቹ ቤት ለቤት ዞረው የመቶ አርባውን አባል ደጃፍ መዘገቡ። ጎላ ልናጥብ ወደ ወንዙ በወረድን ቁጥር እንዳይጮህብን ደግሞ አንድ ቁልፍ አስጨመርኩ፤ እሱ ሲጫን ለሁለት ሰዓት ጸጥ ይላል። ጋሼ ጉልላት የጨመሩት አንድ ነገር ብቻ ነው። መልእክቱ ለኮሚቴ ብቻ ሳይሆን ለሁሉም አባል ይድረስ አሉ። ግልጽነት ነው አሉ፣ እኔን እያዩ። ለማን እንደተባለ ገባኝ።

አስራ አንዱም ጎላ፣ ሁለቱም ድንኳን መሣሪያ ታሰረባቸው። ጉባኤው ስምንት ቀን ሲቀረው፣ ቅዳሜ አምስት ሰዓት ላይ፣ ሽንኩርት እየከተፍኩ ስልኬ ጮኸ።

«ጎላ ቁጥር 2 ከመጋዘን ወጥቷል። ያለበት፦ አቶ ጉልላት ቤት።» ቀጥሎ ጎላ ቁጥር አምስት። ቀጥሎ ትልቁ ድንኳን። ሁሉም አቶ ጉልላት ቤት።

የእድር ጎላና የእድር ድንኳን፣ ሠርግ ባልተመዘገበበት ቀን፣ አንድ ሰው ቤት ሄዱ ማለት ምን ማለት ነው? እኛ ሰፈር ሌላ ትርጉም የለውም። ሚስታቸው ከሞቱ ሰባት ዓመታቸው ነው፣ የሚኖሩት ብቻቸውን ነው። ደወልኩ። ስልካቸው ዝግ ነው። በቃ፣ ሞቱ አልኩ። መጋዘኑን ማን ከፈተው ብዬ እንኳ አልጠየቅሁም፤ ቁልፉ እኮ አንገቴ ላይ ነው።

ያ መልእክት ለመቶ አርባ ሰው ደርሷል። መቶ አርባው ሰው ደውሏል፤ ለመቶ አርባውም ስልኩ ዝግ ነው። ጡሩምባ ነፊያችን ይገዙ ማንንም ሳይጠይቅ ጡሩምባውን አንሥቶ ወጣ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ዳገቱ በሙሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ቁልቁል ይወርድ ጀመር።

እኔ የምር አለቀስኩ። መጀመሪያ ሽንኩርቱ ነው ብዬ ነበር፤ ሽንኩርቱ አልነበረም። ሁለት ዓመት በልቤ ስረግማቸው ኖሬያለሁ። ግን ባለቤቴ የሞተ ጊዜ አርባ ቀን ሙሉ ማታ ማታ እየመጡ ደጄ ላይ የተቀመጡት እሳቸው ነበሩ። ያ ትዝ አለኝ። ደጃቸው ደርሼ ድንኳኑ ተተክሎ አየሁ። ደረቴን እየመታሁ፣ ሕዝቡን ሁሉ ቀድሜ፣ ድንኳኑ አፍ ላይ ተንበረከክሁ።

«ጋሼ ጉልላት፣ ይቅር በሉኝ። ቁጥር ሦስትን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ኢየሩ ጋ ነው፣ ጳውሎስ። ዓይንዎን እያየሁ ነው የዋሸሁዎት።»

ቀና ስል የድንኳኑ መጋረጃ ተከፍቷል። ውስጡ ሠላሳ የሚሆኑ የክት የለበሱ ሰዎች ቁጭ ብለው ያዩኛል። መሐል ላይ ጋሼ ጉልላት፣ ቡና ዓይነት ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ እጃቸው ላይ የዶሮ ብልት ይዘው ቆመዋል። አጠገባቸው ወይዘሮ ይርጋለም የሚባሉ፣ ደማቅ ጥልፍ የለበሱ ሴትዮ። ለካ ሊያገቡ ነው! የሴትዮዋ ወንድሞች ሰውየውን ሊያዩ መጥተው፣ ምሳ እየተጋበዙ ነው። ሰፈሩ እንዳይሰማ ፈርተው፣ በድብቅ ባስቀረጹት ቁልፍ ዕቃውን ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ከመጋዘን አስወጥተውታል። እኔ ያስጨመርኩትን የማጠቢያ ቁልፍም ተጭነዋል። ሁለት ሰዓቱ አለቀ፣ መሣሪያው አፉን ከፈተ። ስልካቸውን የዘጉት ደግሞ የእድር ጣጣ ምሳቸውን እንዳይረብሽባቸው ነው።

ከኋላ ይገዙ ጡሩምባውን እየነፋ ነው፤ የነገረው ሰው የለም። ከወይዘሮዋ ወንድሞች አንዱ ማን ነው የሞተው ብሎ ጠየቀ። ጋሼ ጉልላት የሚያዩት እኔን ብቻ ነበር።

«ኢየሩ ማን ናት?» አሉኝ በቀስታ።

ያን ሳምንት ከቤት አልወጣሁም። ወይዘሮ ይርጋለም ግን ይህን ያህል ሰው የሚያለቅስለት ወንድ አይከፋም ብለው እሺ ማለታቸውን ሰማሁ። የእኔ ለቅሶ ለእሳቸው ሚስት አመጣ፤ ለእኔ የቀረኝ ጉባኤው ነው።

እሑድ አባላቱ ሞልተው መጡ። ሄርሜላ የውል ወረቀቷን ጭኗ ላይ አድርጋ ጥግ ተቀምጣለች። ፊቷ ገርጥቷል፤ ሌላ ደንበኛ የላቸውም። ጋሼ ጉልላት መነጽራቸውን ጠረጉ፣ ደግመው ጠረጉ፣ ደንቡን አነበቡ። ንብረት ያለ ፈቃድ ያስወጣ ቁልፉን ያስረክባል ይላል። ቁልፉን ከአንገቴ አውልቄ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ። ከዚያ እሳቸው እጃቸውን ኪሳቸው ከተት አድርገው በድብቅ ያስቀረጹትን ቁልፍ አወጡና አጠገቡ አኖሩት። ደንቡ ዳኛ አይል፣ ንብረት ያዥ አይል አሉ። ከዚያ የሚረከብ ማን ነው ብለው ጠየቁ።

ግዛቸው ጫማውን ማየት ጀመረ። ሌሎቹም እንደዚያው። አንድ ድስት ትንሽ ፈቀቅ ባለ ቁጥር የመቶ አርባ ሰው ስልክ የሚጮህበትን መጋዘን ማን ይረከባል? አንድ እጅ አልወጣም። መጨረሻ ላይ ከኋላ አንዲት ሴት ኧረ ለራሷ መልሱላት አለች፤ ጨበጨቡ። ቁልፉን አነሣሁ። አመሰግናለሁ አላልኩም፤ ገመዱ አርጅቷል፣ አዲስ ይገዛልኝ ነው ያልኩት።

ግን የቁጥር ሦስት ነገር ቀረ። ተነሥቼ ስለ ኢየሩ፣ ስለ አስታማሚዎቹ፣ ከማንም ጋር ሳያለቅሱ ሬሳ ይዘው ስለሚመለሱት ሰዎች ነገርኳቸው። ገሚሱ አንገቱን ደፋ። ገሚሱ ያም ሆኖ የአባላት ንብረት ነው፣ ይመለስ አለ። ጋሼ ጉልላት ወደ ሄርሜላ ዞሩና ቁጥር ሦስት ላይም መሣሪያው ይለጠፍ አሉ። ደሜ ፈላ። እስከዚያ ድረስ ሊከታተሉኝ ነው ብዬ ብድግ አልኩ። ሄርሜላም የኢየሩ ቤት የአባል ቤት ስላልሆነ መልእክቱ ስሙን አይጠራም አለች። መዝግቢው አሏት። ከዚያ ወደ ጉባኤው ዞሩ።

«ማን እንደሞተ ሳናጣራ እያለቀስን የምንሮጥ ሰዎች መሆናችንን ባለፈው ቅዳሜ አይተነዋል። ጎላው በተነሣ ቁጥር እዚያም እንሩጥ።»

መጀመሪያ ሳቁ። ቀጥሎ ግን እጅ ወጣ፣ ብዙ እጅ። ሄርሜላ ውሉን ያስፈረመችው ዓይኗን እየጠረገች ነው። ይሄ ሐሳብ ከእኛ ሳይሆን ከእናንተ ነው የመጣው አለችኝ። እንግዲህ አብረን ነው የምንሠራው ብለሽ የለ አልኳት።

ማክሰኞ፣ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ስልኬ ጮኸ። ጎላ ቁጥር ሦስት ተነሥቷል፣ ያለበት ኢየሩ ቤት ይላል። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ወጣሁ። ጉባኤ ላይ እጅ ማውጣት ቀላል ነው፤ ብቻዬን እንደምሆን ልቤ ነግሮኝ ነበር። ግቢው ስደርስ አግዳሚዎቹ ሞልተዋል። ይገዙ አለ፣ ኢታና አለ፣ ግዛቸው እንኳ አለ። ጋሼ ጉልላትና ወይዘሮ ይርጋለም ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

ሚስቱ የሞተችበት ሰው ከሩቅ የመጣ ገበሬ ነው። ግድግዳውን ተደግፎ ቆሞ አንድ በአንድ ያየናል። ማንንም አያውቅም። በመጨረሻ ወደ ጋሼ ጉልላት ጠጋ አለና፣ አባቴ፣ ቤት ተሳስታችሁ ይሆናል፣ እኔ እዚህ አገር ሰው የለኝም አላቸው።

ጋሼ ጉልላት ጎናቸውን ለቀቁለትና እጁን ይዘው አስቀመጡት።

«አልተሳሳትንም ልጄ» አሉት። «ስሟን ብቻ ንገረን።»