ባንቺ ምስክሩን የጠየቀችበት ቀን

በ1995 ዓ.ም. ጥር ላይ ሁለት የኬላ ጠባቂዎች ፃግብጂ መጥተው የወይዘሮ ባንቺን በቅሎ ከደጇ ፈትተው ወሰዱ። ባሏ ከሞተ ወዲህ ባንቺ የምትተዳደረው በዚያች በቅሎ ነበር፤ ለነጋዴ ታከራያታለች፣ በሽተኛ ሲኖር ሰቆጣ ሆስፒታል ታደርስባታለች። “ምን አጠፋሁ?” ብትል፣ “በአበርገሌ መንገድ የኮንትሮባንድ ልባሽ ጨርቅ አስጭነሻል” አሏት።

በማግስቱ ሰቆጣ ገባች። የኬላው ኃላፊ ያውቃታል። ኅዳር ላይ፣ ለሚሠራው ቤት ድንጋይ በነፃ አስጭኚልኝ ቢላት እምቢ ብላው ነበር።

“ምስክር አለብሽ” አላት፣ ከፋይሉ ቀና ሳይል። የልጇ እኩያ ነው፤ አንቺ ማለቱ አንገበገባት።

“ማነው ምስክሩ?”

“ቃሉን ሰጥቷል፣ ተጽፏል። አንቺን አይመለከትም።”

“በቅሎዬን ወስዳችሁ እንዴት አይመለከተኝም? ይምጣና ዓይኔን እያየ ይናገር!”

ዘበኛው ክንዷን ይዞ አስወጣት።

ክሱ ፍርድ ቤት ሲቀርብ ዐቃቤ ሕጉ ምስክሩ ሩቅ አገር ስለሆነ የጽሑፍ ቃሉ ይነበብልኝ አለ። ባንቺ ከቆመችበት ጮኸች። “ወረቀት ምን ብዬ ልጠይቀው? ወረቀት አያፍር፣ አይምል!”

ዳኛዋ መሰረት የምትባል ወጣት ነበረች። “ይረጋጉ እናቴ” አለቻትና ወደ ዐቃቤ ሕጉ ዞረች። “ተከሳሿ መስቀለኛ ጥያቄ የማቅረብ መብት አላቸው። ምስክሩን ያቅርቡ።”

“መስቀለኛ ደግሞ ምንድን ነው?” አለች ባንቺ።

“እሱ የተናገረውን እርስዎ እየጠየቁ የሚፈትኑበት ነው።”

“እኔስ ከጥር ጀምሮ ምን ብዬ ነው የምጮኸው?”

ሁለት ቀጠሮ ምስክሩ ቀረ። ባንቺ በሁለቱም የአንድ ቀን መንገድ በእግሯ መጥታ፣ ችሎቱ በር ላይ ቆማ ውላ ተመለሰች። ንዴቷ በየቀጠሮው ባሰ እንጂ አልበረደም። በመጨረሻ ዳኛዋ ሰውየው ካልቀረበ ቃሉን አልቀበልም ስትል፣ ሩቅ አገር ነው የተባለው ሰው በሳምንቱ ተገኘ።

አስማረ ይባላል፤ አማርኛ እምብዛም የማይሰማ የአበርገሌ ገበሬ ነው። ባንቺ በአገራቸው ቋንቋ በኽምጥኛ ጠየቀችው፤ አስተርጓሚው ለችሎቱ ተረጎመ።

“በቅሎዬን የት አየሃት?”

“የቷን በቅሎ?”

“ጨርቅ ጭና አየኋት ያልካትን!”

አስማረ ግራ ገባው። “እኔ በቅሎ አላየሁም። ጨርቁን ሜዳ ላይ ተጥሎ አገኘሁት፣ ለኬላው ነገርኩ። ይኸው ነው።”

“ስሜንስ ማን ነገረህ?”

“አንቺን ዛሬ ማየቴ ነው።”

“ታዲያ እዚያ ወረቀት ላይ ያለው አሻራ የማን ጣት ነው?”

አስማረ ወረቀቱን ሲያሳዩት አንገቱን ደፋ። “የኔ ነው። የእርዳታ ስንዴ መመዝገቢያ ነው አሉኝ። በዚህ ድርቅ ማን ጠይቆ ይፈርማል?”

ዐቃቤ ሕጉ ሌላ ማስረጃ አልነበረውም፤ ባንቺ በነፃ ተሰናበተች፣ በቅሎዋም እንድትመለስላት ታዘዘ።

ኬላው ግቢ ስትደርስ በቅሎዋን ጀርባዋ ተልጦ፣ ዝንብ ወሯት አገኘቻት። አራት ወር ሙሉ ድንጋይ ሲያመላልሱባት ከርመዋል።

“በደህና ተረክቤያለሁ ብለሽ ፈርሚ” አላት ጸሐፊው።

“መጀመሪያ ቁስሏን ጻፍ።”

ኃላፊው በመስኮት ብቅ አለ። “ይበቃል! ይዘሽ ሂጂ!”

አልሄደችም። ጸሐፊው የቁስሉን ቦታ አንድ በአንድ ጽፎ እስኪያነብላት ድረስ ፀሐይ ላይ ቆመች።

አስማረ ከከተማው መውጫ ጠበቃት። “ይቅር በይኝ እትዬ።”

“አንተማ ተርበህ ነው” አለችው። “ያ የኬላው ሰውዬ ነገም እዚያው ወንበር ላይ ይቀመጣል። እሱን ማን ይጠይቀው?”

በቅሎዋ ኮርቻ አትችልም፤ ባንቺ ልጓሟን ይዛ፣ በእግሯ የፃግብጂን መንገድ ያዘች።