የአበቡ ጉጥ

በቀሃ ኢየሱስ ሰፈር ከይርገዱ የሚበልጥ ፈታይ የለም። ይህን የምትናገረው ራሷ ይርገዱ ናት። ፊደል አልቆጠረችም፤ ቆጭቷትም አያውቅም። የማንንም ፈትል ዳስሳ የማን እጅ እንደሆነ ትለያለች። የምትታወቀው በዚሁና በምላሷ ነበር።

ምላሷን አብዝታ የቀመሰችው ጎረቤቷ አበቡ ናት። አበቡን በልጅነቷ ማጭድ አውራ ጣቷን ቆርጧት፣ ጣቷ ጠማማ ሆኖ ቀርቷል። ስትፈትል በየስንዝር ተኩሉ ክሯ ላይ ትንሽ ጉጥ ይወጣል።

"አንቺ ሴት፣ ይኸ ክር ነው ወይስ የመነኩሴ መቁጠሪያ?" ትላታለች ይርገዱ።

"ልጄን ካሞቀው ምን ቸገረሽ? አንቺ ምላስሽን ፍተዪ።"

እንዲህ እየተነካከሱ ሃያ ዓመት ከአንድ ቁና ጥጥ ፈተሉ።

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ዓመተ ምሕረት፣ በጥር ወር፣ የይርገዱ ልጅ ላቀውና የአበቡ ልጅ ክንዱ በአንድ ቀን ከትምህርት ቤት ደጃፍ ተይዘው ታሰሩ። እናቶቹ በአገልግል ስንቅ ማመላለስ ያዙ። በሁለተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ ጧት፣ መለሰ የሚባል የቀበሌ ጥበቃ ጠብመንጃውን እንዳነገተ ይርገዱ ደጅ ቆመ። በእጁ የተጠቀለለ ጋቢ ይዟል።

"እትዬ ይርገዱ፣ የላቀው ነው" አለ፣ መሬት መሬት እያየ። "ድምፅ አውጥቶ ማልቀስ ክልክል ነው።"

ወረቀት ላይ አውራ ጣቷን አስነክቷት ሄደ።

አበቡ በጓሮ በኩል ሮጣ ገባች። የነጠላዋን ጫፍ ነክሳ፣ ይርገዱ ትከሻ ላይ ተደፍታ፣ "ላቀውዬ፣ የእኔ ልጅ" እያለች ያለ ድምፅ ትንሰቀሰቅ ጀመር። ይርገዱ አላለቀሰችም። ጋቢው ላይ ደም ደርቋል፤ ደረቱ ላይ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ አለ። ጣቶቿ ማንም ሳያዛቸው ወደ ክሩ ሄዱ።

ስንዝር ተኩል። ጉጥ። ስንዝር ተኩል። ጉጥ።

መልሳ ዳሰሰችው። መጀመሪያ ወደ ልቧ የገባው ደስታ ነበር። ከቀዳዳው ይልቅ ያ ደስታ አስደነገጣት። የሟቹ እናት ትከሻዋ ላይ ተደፍታ ለይርገዱ ልጅ ታለቅሳለች።

"ስጪኝ፣ ላጣጥፈው" አለች አበቡ።

"ተዪው።"

"ምነው? ስጪኝ እንጂ።"

ወሰደችው። አንዴ አጠፈችው። ሁለተኛ ልታጥፈው ስትል ጠማማው ጣቷ ባለበት ቆመ።

"ይርገዱ" አለች ቀስ ብላ፣ "ይኸ የእኔ እጅ ነው።"

ይርገዱ የጋቢውን ጫፍ ወደ ራሷ ሳበች።

"አውሶት ይሆናል" አለች አበቡ። "ብርድ ነው። ክንዱ መቼ ሰስቶ ያውቃል።"

"ይሆናል።"

ሁለቱም ሟቹ የሌላዋ ልጅ እንዲሆን መመኘታቸው ገባቸው። ዓይን ለዓይን መተያየት አልቻሉም።

በማግሥቱ አንድ አገልግል ይዘው ወደ እስር ቤቱ አብረው ሄዱ።

"ለማን ነው?" አለ የበሩ ጠባቂ።

"ለክንዱ" አለች አበቡ።

የእስረኞቹን ስም ዝርዝር አየና አገልግሉን ተቀብሎ አስገባው። አበቡ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ እመቤታችንን ታመሰግን ጀመር። ይርገዱ አጠገቧ ቆማ፣ በውስጧ ልጇን ቀበረችው።

ቀትር ላይ ባዶው አገልግል ተመለሰ። ጠፍሩ ተቋጥሯል። ላቀው ግራኝ ነው፤ ቋጠሮው ወደ ተቃራኒ ይዞራል። ከሕፃንነቱ ጀምሮ እሱ የቋጠረውን ሳይራገም የፈታ ሰው በሰፈሩ የለም፣ አበቡም ጭምር።

አበቡ ቋጠሮውን አንዴ፣ ሁለቴ ዳሰሰችው። ልጆቹን ያሰሩት ሰዎች ስማቸውን አቀያይረው ጽፈዋል። ውስጥ ያለው ላቀው ነው።

ይርገዱ አፏን ስትከፍት አበቡ በዚያ ጠማማ ጣት ባለው እጇ ከደነችላት።

"ዝም በይ። ስሙን ካነሣሽ ወስደው ይገድሉታል። እኔ ለክንዱ ብዬ ስንቅ አመላልሳለሁ። አንቺ ለላቀው ሐዘን ተቀመጪ።"

"አንቺሳ?"

"እኔ ጎረቤት አይደለሁም? አብሬሽ አለቅሳለሁ።"

በሰልስቱ ለቀስተኛው ድምፁን አጥፍቶ ገባ። ይርገዱ ጋቢውን ጭኗ ላይ ዘርግታ እንዝርት ታሾር ነበር። "በልጇ ሐዘን ትፈትላለች፣ አበደች" ብለው ተንሾካሾኩ። የምትፈትለው የጋቢውን ቀዳዳ የምትደፍንበትን ክር ነው። የአበቡን ጉጥ ለማውጣት ስንዝር ተኩል ለክታ ጣቷን አጠፍ አደረገች፤ ክሩ ግን ልስልስ ብሎ ወጣ። በጥሳ ጣለችውና እንደገና ሞከረች። እንደገናም ልስልስ። ያን የኮራችበትን እጇን ጠላችው።

አበቡ ከጎኗ ሆና ስታያት ቆየች።

"አበላሸሽው" አለቻት በመጨረሻ። "ትንሽ ወፈር አድርጊው።"

ይርገዱ ወፈር አደረገችው።