የወይዘሮ ወርቅአየሁ ነጠላ

የልጅ ልጄ ዮርዳኖስ እንጅባራ ላይ ወይዘሮ ወርቅአየሁ የሚባሉ ሴት ታስታምማለች። ግማሽ አካላቸው ሽባ ከሆነ ወዲህ ታጥባቸዋለች፣ ታጎርሳቸዋለች፣ ጀርባቸው እንዳይቆስል ታገላብጣቸዋለች። ሥራው ክፉ አይደለም፤ እኔ ግን ከሄደች ጀምሮ ስልኩ በጮኸ ቁጥር ልቤ ከቦታው ይነሣል።

ባለፈው ሳምንት የፈራሁት መጣ።

«እምዬ፣ ጉድ ሆንኩልሽ!» አለችኝ ዮርዳኖስ በስልክ።

የሴትዮዋ ልጅ መሳፍንት ዳንግላ መንገድ ላይ በመኪና አደጋ ሞቶ ነበር። ለአልጋ ቁራኛ እናት ማን መርዶ ይነግራል? እህቱ እመቤት ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ፣ ራሷ ቤት ለቅሶ ተቀመጠች። እናቲቱን የሚጠይቅ ሁሉ በር ላይ እንባውን ጠርጎ፣ ነጠላውን አስተካክሎ ነው የሚገባ። ዮርዳኖስ ግን ለቅሶ ደርሳ ስትመለስ፣ የማገላበጫቸው ሰዓት አለፈ ብላ ከባጃጅ ወርዳ በሩጫ ገባች። ነጠላዋ ለለቅሶ እንደተዘቀዘቀ፣ ጥለቱ አንገቷ ላይ።

«አዩኝ፣ እምዬ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።»

ሴትዮዋ አንድ ነገር ቢሆኑ «ነግራ ገደለቻቸው» አይደል የሚሏት? እናት የላት፣ አባት የላት፣ ማን ይሟገትላታል? በማግስቱ ልወስዳት ብዬ ከምኖርበት ከአዲስ ቅዳም በሚኒባስ ሄድኩ።

ስገባ ወይዘሮ ወርቅአየሁ ቀና ብለው አዩኝ። «ዮርዲ፣ አያትሽ ናቸው? ከኔ ይልቅ እሳቸው የታመሙ ይመስላሉ። ወንበር ስጫቸው።»

ሳልቀመጥ እመቤት ገባች። ዓይኗ አብጧል፣ አፏ ይስቃል።

«እማዬ፣ መሳፍንት ሰላም ብሎሻል። ኔትወርክ እምቢ ብሎት ነው ያልደወለ።»

«ኔትወርክ ከሌለ ምን ያድርግ ልጄ። በርታ በይው።»

እመቤት ውኃ ልቅዳ ብላ ወደ ጓሮ ወጣች። ቧንቧውን ከፈተችው፤ በውኃው ድምፅ ውስጥ ሳጓ ይሰማል።

ወይዘሮ ወርቅአየሁ በደኅና እጃቸው ብርድ ልብሱን ገለጥ አደረጉልኝ። ከሥር ነጠላ ለብሰዋል፤ ጥለቱ አንገታቸው ላይ ነው።

«ዮርዲ ናት ያለበሰችኝ። ልጅቱን ሊወስዱ እንደመጡ ገብቶኛል፤ እባክዎ አይውሰዱብኝ። እመቤትም ማወቄን እንዳትሰማ። እናቴን ላጽና ስትል ነው እስካሁን በእግሯ የቆመች። አገሩ ሁሉ ለልጄ አለቀሰ አሉ። እኔን ግን ለቅሶ የደረሰኝ ሰው የለም።»

ለካ የሟቹ እናት አልጋዋ ላይ ሆና፣ ለቀስተኛው ሁሉ በደጇ እያለፈ ሌላ ቤት ሲሄድ ኖሯል። የመጣሁበት ጠፋኝ። ነጠላዬን አወረድኩና ጥለቱን ወደ አንገቴ አዙሬ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ።

«እግዜር ያጥናዎት፣ እቴ።»

ድምፅ ሳያወጡ አለቀሱ። እንባቸው በጆሯቸው በኩል ወደ ትራሱ ይወርዳል፤ ዮርዳኖስ በመዳፏ ትጠርግላቸዋለች። እኔም የማላውቀውን ልጅ አለቀስኩት።

ቧንቧው ተዘጋ። ዮርዳኖስ ብርድ ልብሱን እስከ አገጫቸው ሳበችላቸው፤ እኔ ነጠላዬን መለስኩ።

እመቤት ፊቷን ታጥባ ገባች። «ምን እያወጋችሁ ነው?»

«የአዲስ ቅዳምን ድንች ዘንድሮ በረዶ መታው እያሉኝ ነው» አሉ ወይዘሮ ወርቅአየሁ።

ወደ ማታ ብቻዬን ተሳፈርኩ።