የኦርዳን ዛቢያ

ወንድሜ ኦርዳን የሞተው አልጋው ላይ፣ እያሳለ ነው። ከዘንዶ ጋር ተናንቆ ወደቀ ብለው የሚዘፍኑ አሉ፤ ውሸት ነው። ደረቱን የጨረሰው የከሰል ጢስ ነው። የመጨረሻዋን ጥቁር ቢራ ያጠጣሁት እኔ ነኝ። ግማሹ ጺሙ ላይ ሲፈስ "አባከንሽው" ብሎኝ ሳቀ። ከዚያ በኋላ አልተናገረም።

እኔ ሄልማ እባላለሁ፤ እህቱ ነኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከመስፉ፣ ከብረት መቀጥቀጫው፣ ማዶ ቆሜ ትልቁን መዶሻ ያወረድኩለት እኔ ነኝ። እሱ በትንሿ መዶሻ የጋለውን ብረት ጠቅ ያደርጋል፤ "እዚህ ጋ" ማለቱ ነው። እኔ እዚያው ላይ አሳርፋለሁ። ያቺ ትንሿ መዶሻ ጠሪ ትባላለች። አምላካችን ማልኩር ተራሮቻችንን ሲቀጠቅጥ በእጁ የነበረችው እሷ ናት። ጠሪ ባሳየችው ቦታ የተመታ ብረት አይሰበርም። ጉልበቱ የእኛ ነው፤ ቦታውን የምታውቀው እሷ ናት።

የጠሪ ብረት የማልኩር ነው፤ ዛቢያው፣ የእንጨት እጀታዋ፣ ግን የሰው ነው። የዛቢያው ባለቤት ሲሞት ምድጃው ሦስት ቀን ሳይጠፋ ይቆያል፤ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ዛቢያው ተነቅሎ እዚያው ይቃጠላል። እንጨቱ እስካለ ድረስ ጠሪ ለያዛት ሁሉ ትታዘዛለች፤ ለሌባም ቢሆን።

የቆላዎቹ ረጃጅም ሰዎች ይህን ያውቁ ነበር። ንጉሣቸው የሴልሞርን ከተማ ከከበበ ሁለት ክረምት አልፎታል። የከተማዋን በር የሠራነው ኦርዳንና እኔ ነን፤ የጠሪን ሥራ የሚሰብረው ደግሞ የጠሪ ሥራ ብቻ ነው። ንጉሡ በር መስበሪያ ሥሩልኝ ብሎ ሦስት ጊዜ ላከብን። ኦርዳን ሦስቱንም ጊዜ አንድ ቃል ነው የመለሰው። "ከበሩ ጀርባ ልጆች አሉ። እኔ የዘጋሁላቸውን እኔው አልከፍትባቸውም።"

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ለቀስተኛው በቀጥቃጭ ቤቱ ሞልቶ ሳለ የንጉሡ የጦር አዛዥ ቫልሪክ ስምንት ወታደርና አንድ የቆላ ብረት ቀጥቃጭ አስከትሎ መጣ። ሲገባ ግንባሩ ከበሩ ጉበን ጋር ተላተመ።

"ቀስ በል ልጄ፤ ጉበኑ አርጅቷል" አለው ሽማግሌው ጉንዳር። ጉንዳር ጎረቤታችን ነው፤ ስለ አንድ የበር ማጠፊያ ተጣልቶ ኦርዳንን ሰባት ዓመት ያኮረፈ ሰው። ለቀስተኛው ሳቀ።

ቫልሪክ ፊቱ ቀልቶ በቀጥታ ወደ መስፉ ሄደና ትልቁን መዶሻ ጨበጠ። ከጉልበቱ በላይ ማንሳት አቃተው።

"እሱ የእኔ ነው" አልኩት። "ከማልኩር ጋር ምንም ዝምድና የለውም። የምትፈልጋት ይቺውልህ።" ጠሪን ከሽርጤ አወጣሁ።

"ይቺ? የለውዝ መስበሪያ ነው የምትመስለው!"

"እንግዲያው ለለውዝህ ሌላ ፈልግና ወደ ቤትህ ሂድ።"

ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀ። ከዚያ ድምፁን አለዘበ። "ስሚኝ፣ ሐዘንሽን አከብራለሁ። ከነዛቢያዋ ስጪኝና ይህ ቀጥቃጬ አንድ በር መስበሪያ ይሥራባት። ሲጨርስ ዛቢያውን ራሴ አቃጥለዋለሁ።"

"ኦርዳን እምቢ ያለህን የኦርዳን መዳፍ በለመደው እንጨት ልታሠራው ነው?"

"ወንድምሽ ሞቷል!"

"ሞቷል። ሐሳቡን ግን አልቀየረም።"

ጠሪን መስፉ ላይ አስተኛሁ፤ መብሻውን ዛቢያውን ባጠበቀው ሽብልቅ ላይ ደግፌ መታሁት። ሽብልቁ ዘሎ ወጣ። አንዱ ወታደር ሹሩባዬን ጨምድዶ ወደ ኋላ ሲጎትተኝ እንጨቱ እጄ ላይ ቀርቶ ነበር፤ ምድጃው ውስጥ ወረወርኩት።

"አውጡት!" ብሎ ጮኸ ቫልሪክ። የቆላው ቀጥቃጭ ጉጠት አንስቶ ሮጠ።

ያን ጊዜ ጉንዳር ወናፉ ላይ ወጣ፤ በሁለት እግሩ።

"ይሄ እብሪተኛ ኦርዳን ዕድሜ ልኩን አንድ ቀን እንኳ 'እርዳኝ' ብሎኝ አያውቅም" አለ እያለከለከ። "ዛሬ ሳይለኝ እረዳዋለሁ! ምን ትገተራላችሁ? ከሰል ጨምሩ!"

ሴቶቹ ከሰሉን በሽርጣቸው እያፈሱ ጨመሩ። ሁለተኛውን ወናፍ ሦስት ሰዎች ያዙት። እሳቱ መጀመሪያ ቀላ፤ ቀጥሎ ቢጫ ሆነ፤ በኋላ ነጭ። እኛ በዚህ ሙቀት ያደግን ሰዎች ነን፤ አልተንቀሳቀስንም። ቀጥቃጩ ቅንድቡ ሲጨስ ጉጠቱን ጥሎ ሸሸ። ወታደሩም ሹሩባዬን ለቀቀ።

እኔ እንጨቱን እያየሁ ነበር። የኦርዳን አውራ ጣት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተደግፋ ያጎደጎደችው ቦታ አለ። እሳቱ እዚያ ጋ ሲደርስ እጄን ሰድጄ ላወጣው ምንም አልቀረኝም። አላወጣሁትም። እስኪያልቅ አየሁት።

ቫልሪክ ደጅ ቆሞ ምድጃው እስኪበርድ ከጠበቀ በኋላ ተመልሶ ብረቱን ከመስፉ ላይ አነሳ።

"ሌላ ዛቢያ ይገባላታል" አለ። "ማነው የሚጠርበው?"

"ዋናዋ ሐዘንተኛ። እኔ። ሌላ ሰው የጠረበው አይይዝላትም።"

"መቼ?"

"ሐዘኔን ስጨርስ።"

"መቼ ነው የምትጨርሺው?"

"እሱን ከእሷ በቀር ማንም አይነግርህም" አለ ጉንዳር። "እናቴ አባቴን አሥራ አንድ ዓመት አልቅሳለታለች። ደግሞ አትወደውም ነበር።"

ቫልሪክ በሰይፉ እጀታ አፉን መታው። ጉንዳር ሁለት ጥርሱን መሬት ላይ ተፍቶ "አሁን የእኔም ሐዘን ተጨመረ" አለ።

ጠሪን በሣጥን ጭነው ወሰዷት። ለዛቢያ ዋንዛ ሞከሩ፤ ወይራ ሞከሩ፤ የዝሆን ጥርስም ሞከሩ አሉ። ሁሉም በመጀመሪያው ምት ተሰነጠቀ። የአምላካችንን መዶሻ አሳልፈሽ ሰጠሽ የሚሉኝ አሉ። እኔ የሰጠሁት ብረት ነው። ሴልሞር እስከ ዛሬ በሯን ዘግታ ታድራለች።

ንጉሡ በየወሩ ሰው ይልክብኛል። አንዴ ማርና ጨርቅ መጣ፤ አንዴ የመስቀያ ገመድ መጣ። ባለፈው ሳምንት የመጣው ግን ለስላሳ ሰው ነበር። ጎንበስ ብሎ ገባ፤ ያቀረብኩለትን የእንጉዳይ ሾርባ ጨርሶ ጠጣ፤ ጎድጓዳ ሳህኑን መሬት አስቀመጠና "እመቤቴ፣ ንጉሡ ሐዘንሽ እንዴት ሆነ ይላሉ" አለኝ።

"ገና ነው በላቸው። ዛሬ ጠዋትም አልቅሻለሁ።"

እውነቴን ነበር።